ማን ነበር የገባው?

ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የድሮ ተማሪዎቼን በተለይ ይመለከታል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ በየወረዳው፣ በየባንኩ፣ በየጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ፊት እንደምትውሉ አውቃለሁ። የማወራው ስለ አንድ ተራ ነገር ነው፦ ጠዋት ማሽኑን ስትከፍቱ ስለሚጠይቃችሁ ስምና ፓስወርድ። ክፍል ውስጥ ትእዛዞቹን ነበር የማስጽፋችሁ። ታሪኩ ግን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፣ ፈተና ላይም አይመጣም። ለሥራችሁ ግን ከትእዛዞቹ ይልቅ ታሪኩ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

ድሮ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ ይይዝ ነበር፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ፕሮግራምህን በወረቀት ካርድ ላይ አስበስተህ ለኦፕሬተሩ ትሰጣለህ፣ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ እንደቆመ ሰው ወረፋ ትጠብቃለህ፣ ውጤቱን ነገ ትወስዳለህ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተሳሳተች ነገም ያው ወረፋ ነው። በኅዳር 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በሚባለው ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። ማሽኑ ጊዜውን እየቆራረሰ ለብዙ ሰው ያካፍላል። ፍጥነቱ ከሰው እጅ ስለሚበልጥ እያንዳንዱ ለብቻው የያዘው ይመስለዋል።

ጣጣው የመጣው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ማሽን ላይ ከሠራ ይህ ፋይል የማን ነው? ይህን ሁሉ ሰዓት የፈጀው ማን ነው? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ስም ተሰጠው፤ ስሙን ሌላ እንዳይወስድበት ደግሞ ፓስወርድ። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ የሚመጣ ሌባ ተፈርቶ አይደለም። አብረው በሚሠሩ ሰዎች መካከል ድርሻን ለመለየት ነው።

ድርሻ ባለበት ደግሞ ድርሻው የማይበቃው ሰው አይጠፋም። አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት 4 ሰዓት ነበር የተመደበለት። በ1962 እ.ኤ.አ. የፓስወርዱ ፋይል እንዲታተም የሚያዝ ካርድ አዘጋጅቶ አርብ ማታ አስገባ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሁሉንም ሰው ፓስወርድ በወረቀት ታትሞ አገኘው። ከዚያ በሰው ስም እየገባ ሥራውን ሠራ። ይህን ያመነው ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ፓስወርድ ገና በጡት እያለ ተሰረቀ ማለት ነው።

ይቺ ጨዋታ ናት። ለእኛ ቁም ነገሩ ያለው በ1966 እ.ኤ.አ. በሆነው ላይ ነው። እዚያው ኤምአይቲ፣ በዚያው ሥርዓት፣ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ናቸው። አንደኛው ሰዎች ሲገቡ የሚያዩትን የዕለቱን መልእክት ያርማል፤ ሌላው የፓስወርዱን ፋይል ያርማል። ሁለቱም የገቡት በአንድ አካውንት ነው። ማረሚያው ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይሉን ሁልጊዜ በአንድ ስም ነበር የሚያስቀምጠው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው በአንድ ስም ሁለት ሰው ገብቶ ይሠራል ብሎ አላሰበም። ሁለቱ ፋይሎች ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ የገባ ሁሉ በዕለቱ መልእክት ፋንታ የሰው ሁሉ ፓስወርድ ተዘርዝሮ ጠበቀው። ኮርባቶ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ላይ ይህን ራሱ አንስቶታል። ሁለቱ ሰዎች ሙያቸውን የሚያውቁ ናቸው፣ ክፉም አላሰቡም። በአንድ ስም መግባታቸው ብቻ በቃ።

በ1969 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። ላብ ውስጥ የተማራችሁበት ሊነክስ የእሱን መንገድ ተከትሎ የመጣ ነው። በዩኒክስ ዓይን ሰው ማለት ቁጥር ነው፤ ስም ለእኛ እንዲመች የተለጠፈ ነው። 0 ቁጥር ሩት ነው፤ ሩትን የሚከለክለው የለም። በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ላይ ፋይል የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፦ ባለቤቱን እና ሌላውን። ወይ የኔ ነው ወይ የማንም ነው። ይህ ለሥራ አይመችም። ሦስት ሰዎች አንድ ሰነድ ላይ ቢሠሩስ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመካከል ሦስተኛ ነገር ገባ፦ ቡድን። ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌላ። እስከ ዛሬም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ቡድን ስም ብቻ ነበር መሥራት የሚችለው። የሌላውን ቡድን ፋይል ለመንካት «ኒውግሩፕ» ብሎ ካባ መቀየር አለበት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ቡድን አባል እንዲሆን የተፈቀደው በ1983 እ.ኤ.አ. ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው 4.2 ቢኤስዲ ነው።

ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ደጋ ዳሞት ነው። አትሳቁ። ከፍኖተ ሰላም በስተምሥራቅ ሽቅብ ወደ ፈረስ ቤት ስትወጡ ያለው አገር፣ በርክሌይ በ1983 የደረሰበትን ነገር ከብዙ ትውልድ በፊት ይሠራበት ነበር። አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። የዚያ አገር ሽማግሌ የሚነግራችሁም ያንኑ ነው።

መሬቱ የሚጠራው መጀመሪያ ባቀናው ሰው፣ በዋናው አባት ስም ነው። ከእሱ በአባቴም በእናቴም እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ርስት የመጠየቅ መብት አለው። ወንድም ሴትም። እናትና አባት፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያልክ ስትቆጥር አንድ ገበሬ በአንድ ጊዜ የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ይሆናል። ወደ ሌላው ወገን ለመሄድ ካባ መቀየር የለበትም፤ የሁሉም አባል ነው። በሁሉም ግን አያርስም። ዘር ቆጥሮ ማስረዳት፣ ሽማግሌ ማቆም፣ ሙግት መቻል አለበት። የያንዳንዱን ወገን ጉዳይ የሚይዝ ደግሞ ፈጅ የሚባል ሰው አለ። የትኛው ማሳ በየትኛው ምንዝር አባት ድርሻ እንደወደቀ የሚያውቅ፣ አዲስ ጠያቂ ሲመጣ የዘር ቆጠራውን የሚሰማ እሱ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ «የቡድን አስተዳዳሪ ማለት ፈጅ ነው» ብዬ ሳስረዳ ከደጋ የመጡት ልጆች ወዲያው ይገባቸው ነበር። የከተማዎቹ «ፈጅ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። መብቱ የወገን ነው፣ ማሳው ግን ሰው አለው። «ይቺን ጥማድ ዘንድሮ ማን ነው የያዛት?» ስትሉ የአያት ስም አይመለስላችሁም፤ የአንድ የታወቀ ሰው ስም ነው የሚነገራችሁ። አባልነቱ የጋራ፣ እጁ የየግል። ዩኒክስ ባለቤትና ቡድን ብሎ ለያይቶ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው።

የስም መዝገብ በጎጃም ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የግብርና ገቢ ግብር ሲመጣ በዳሞት፣ በሞጣ፣ በቢቸና ገበሬው የተነሣው ብሩ ከብዶት ብቻ አይደለም። መሬቴ ተለክቶ በመዝገብ ከገባ ርስቴ ሊወሰድ ነው የሚል ሥጋት ነበር። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ፣ በመጨረሻም መንግሥት ወደኋላ አለ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስት ራሱ ቀረ፣ ፈጅም አብሮ ቀረ፣ መዝገቡ ወደ ገበሬ ማኅበር ሄደ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል በደርግ ዘመን የማኅበር ሥልጣን ላይ የነበረው «ቢሮክራሲ» ተብሎ ተለየና ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ያኔ ልጅ የነበራችሁ ቤታችሁ ውስጥ የሆነውን ታውቃላችሁ። አንድ ሰው የትኛው ቡድን ውስጥ እንደተጻፈ፣ ማን እንደጻፈው፣ ያንን ለመመርመር የት እንደሚኬድ... የሰው ኑሮ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ነበር።

ከዚያ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 የክልሉ የመሬት አስተዳደር ሕግ ወጣ፤ የባልና የሚስት ፎቶ ያለበት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው ታደለ። በሁለተኛው ዙር ማሳው በካርታ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ገባ። በፊንላንድ ድጋፍ የተሠራው የብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም መጣ። ድሮ በፈጁ ጭንቅላት፣ ኋላም በማኅበሩ ደብተር የነበረው ነገር ዛሬ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጠይቅ መስኮት ኋላ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ነገሬ። በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መሥሪያ ቤቱን አልናገርም። «ቲቸር፣ እኛ ቢሮ አራት ሆነን በአንድ ዩዘርኔም ነው የምንገባው። የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት የማሳ ስፋት ኮምፒውተሩ ላይ ቀንሶ ተገኘ፣ የአዋሳኟ ጨምሯል። አራታችንም አልነካንም አልን። ሲስተሙ የሚያሳየው ያንን የጋራ ስም ብቻ ነው። አሁን ቃለ ጉባኤ ፈርሙ እየተባልን ነው።»

አራት ሰው፣ አንድ ስም። ያ የኤምአይቲው ነገር ምዕራብ ጎጃም ገባ። ልዩነቱ እዚያ ፓስወርድ ነው የተዘረገፈው፤ እዚህ የሴትየዋ እህል ነው።

ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም፤ ለምን በአንድ ስም እንደምንገባ አውቃለሁና። ስንፍና ብቻ አይደለም። ባለሙያው ፊልድ ይወጣል፣ ገበሬው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ «ባለፓስወርዱ የለም፣ ተመለስ» ማለት ግፍ ነው። መብራት የሚመጣው ለሁለት ሰዓት ነው፣ በዚያች ሰዓት የተገኘ ሁሉ ይሠራል። አስተዳዳሪው ዞን ነው ያለው፣ አዲስ አካውንት እስኪከፍት ወር ያልፋል። ይሉኝታም አለ፦ ለሥራ ባልደረባ ፓስወርድ መከልከል በእኛ አገር አለማመን ነው፣ ስስት ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ግን ሁሉም «ሥራውን እንካፈል» የሚሉ ናቸው፤ «ስሙን እንካፈል» የሚል አንድም የለበትም። ሥራ መካፈያው ደግሞ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠርቶ ተቀምጧል፦ ቡድን ነው።

አሠራሩን ላስታውሳችሁ። ለአራቱም የየራሳቸው አካውንት ይከፈታል። «መሬት» የሚል አንድ ቡድን ይፈጠራል፣ አራቱም ይገቡበታል። የጋራ ፎልደሩ የቡድኑ ይደረግና ሴትጂአይዲ የሚባለው ምልክት ይበራበታል። ከዚያ በኋላ እዚያ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የቡድኑ ይሆናል፤ ፊልድ የወጣውን ሰው ሥራ ቢሮ የቀረው ይቀጥለዋል። የፈጠረው ሰው ስም ግን ከፋይሉ ጋር ይኖራል። ዊንዶውስ ላይም ቃሉ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የመዝገብ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ የሚመዘግበው ቡድን ሌላ፣ የሚያጸድቀው ቡድን ሌላ መሆን አለበት፤ አንድ ሰው ሁለቱም ውስጥ ከገባ መለያየቱ ትርጉም የለውም።

«የአድሚኑንስ ፓስወርድ ምን እናድርገው? እሱን ሁላችንም እንፈልገዋለን» የምትሉ አላችሁ። ለእሱም በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መልስ ተሠርቶለታል፦ ሱዱ። በራስህ ስም ትገባለህ፣ የራስህን ፓስወርድ ትሰጣለህ፣ ለዚያች አንድ ትእዛዝ ብቻ የሩት ሥልጣን ታገኛለህ፣ ማን ምን እንዳዘዘም ይጻፋል። የሩት ፓስወርድ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ቀረለት።

ስለ ፓስወርዱ ራሱ ብዙ አልልም። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ከዩኒክስ ተጠቃሚዎች የሰበሰቧቸውን 3,289 ፓስወርዶች ቢመረምሩ 86 ከመቶው በቀላሉ የሚገኙ ነበሩ፤ 15ቱማ አንድ ፊደል ብቻ! ስለዚህ «1234» የፍኖተ ሰላም ፈጠራ አይደለም፣ አትፈሩ። ቀይሩት እንጂ።

ስም አሰያየም ላይ ግን እኛ የራሳችን ጣጣ አለን። የፈረንጅ ሲስተም «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ የአባት ስም ነው ያለን። አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ጌትነት ይኖራል፣ የሁለቱም አባት በላይ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፀሐይ አራት ዓይነት ትሆናለች። ላብ ውስጥ ስሠራ የነበረው ስም፣ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ የገባበት ዓመት ነው። አያምርም፣ ግን ሞክሼ አያምታታም። ትርጉሙ የሚታየው እንደ ሴትየዋ ዓይነት ነገር ሲመጣ ነው።

ለተማሪዬ ያልኩትን እዚህም ልበል፤ ሌሎቻችሁም ዘንድ አይጠፋም። አንደኛ፣ ያላየኸውን ቃለ ጉባኤ አትፈርም፤ «በጋራ አካውንት ስለምንገባ ማን እንደለወጠው መዝገቡ አያሳይም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይግባበትና ያኔ ፈርም። ሁለተኛ፣ የመግቢያ መዝገቡን ዛሬውኑ አስገልብጥ። ሊነክስ ላይ የመግቢያ መዝገቡ ብዙ ጊዜ በየወሩ ይታጠፍና የቆየው ይጣላል፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የደኅንነት መዝገቡ ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ ራሱን ይደመስሳል። ነገ ብለህ ስትመጣ የለም።

ስሙ ባይለይም ሰዓቱና ማሽኑ ይለያል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ 14:40 ካለ በእኛ ከቀኑ 8:40 ነው። ሰርቨሩ ግን የዓለም አቀፉን ሰዓት ይዞ ከሆነ የሚጽፈው 11:40 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው 5:40 ብሎ አንብቦ፣ ያን ረፋድ ቢሮ የነበረውን ምስኪን ሊከስ ይችላል፤ የነገሩ ሰዓት ግን ከምሳ በኋላ ነበር። መጀመሪያ የሰዓት ክልሉን አረጋግጥ፣ ከዚያ ከፊርማ መዝገቡና ከፊልድ መውጫ ወረቀቱ ጋር አስተያይ። ሦስተኛ፣ ማሳው ሲለካ የተሞላው ቅጽ ከነፊርማው ፋይል ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ስፋቱን የሚመልስላት እሱ ነው፤ ማን ለወጠው የሚለው እስኪጣራ እሷ መጠበቅ የለባትም።

አንድ የቀረችኝ ነገር ስለሚሄዱ ሰዎች ናት። ሠራተኛ ዝውውር ሲያገኝ ብዙ ቢሮ ውስጥ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ አካውንቱ ክፍት ሆኖ ይቀርና ቡሬ የተዛወረ ሰው ስም ፍኖተ ሰላም ላይ ዓመት ሙሉ ሲሠራ ይውላል፤ ወይ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ ያለ አስተዳዳሪ አካውንቱን ይደመስሰዋል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፣ አይደለም። ዩኒክስ ሰውን የሚያውቀው በቁጥር ነው ብያለሁ። ስሙን ስትደመስሱ ፋይሎቹ ላይ ቁጥሩ ይቀራል፣ 1007 እንበል። የተደመሰሰው የመጨረሻው ቁጥር ከነበረ በሚቀጥለው ወር የሚቀጠረው ልጅ ያንኑ 1007 ይሰጠዋል። የሄደው ሰው የጻፈው ሁሉ በዚያች ቅጽበት በአዲሱ ልጅ ስም ይታያል፤ ከመቀጠሩ በፊት በነበሩት ዓመታት የተሠራው ሳይቀር። ዊንዶውስ ቁጥሩን ለሌላ አይሰጥም፤ ግን ስሙ ጠፍቶ ማንም የማያነበው ረጅም ቁጥር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የሚሄድን ሰው አካውንት ቆልፉት፣ ከቡድኖቹ አውጡት፣ ስሙንና ቁጥሩን ግን መዝገቡ ላይ ተዉት።